የሽርሽር መርከብ የመጨረሻ ቀኖችና የነጋዴ ሒሳብ

ማናቸውም ንግድ መክፈቻና መዝጊያ አለው። ዕቃ ማስመጣት፣ መደብር ማስጌጥ፣ ደንበኛ መጥራት የመክፈቻው ሥራ ነው፤ ሒሳብ መዝጋት፣ የተረፈውን ዕቃ ማንሣት፣ ደንበኛውን በደኅና መሸኘት ደግሞ የመዝጊያው ሥራ ነው። ብዙ ነጋዴ ለመክፈቻው በብርቱ ያስባል፤ መዝጊያውን ግን ቀኑ ሲደርስ ይታሰብበታል እያለ ይተወዋል። መዝጊያው በሰዓት ተቆጥሮ ካልተፈጸመ ትርፉ ሁሉ የሚናጋበት የንግድ ዓይነት ቢፈለግ፣ የሽርሽር መርከብ ንግድ ዋና ምሳሌ ሊሆን ይችላል። የዚህ ንግድ የመጨረሻ ቀኖች እንዴት እንደሚመሩ፣ እንዲሁም በ2012 ዓ.ም. በጃፓን አገር በዮኮሃማ ወደብ የአንዲት መርከብ ጉዞ በቀኑ ሳይፈጸም ቀርቶ ምን ያህል ጉዳት እንደ ደረሰ መመልከት፣ ባሕር አይቶ ለማያውቅ ባለመደብር እንኳ ጥቅም ይሰጣል።

ተንሳፋፊው ገበያ

የሽርሽር መርከብ እንደ ጭነት መርከብ ዕቃ አያመላልስም፤ እንደ ቀድሞው ዘመን የመንገደኛ መርከብም ሰውን ከአገር ወደ አገር ማድረስ ዋና ሥራው አይደለም። መኝታ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ቴአትር፣ መዋኛና መደብር በአንድነት የያዘ ተንሳፋፊ ከተማ ሆኖ፣ እንግዶቹን ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ልዩ ልዩ ወደቦችን ካስጎበኘ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ተነሣበት ወደብ ይመልሳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በዓለም ላይ 29.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደዚህ ባሉ መርከቦች መሳፈራቸውን የኩባንያዎቹ ማኅበር አስታውቋል።

የገቢውን አከፋፈል የሚመረምር ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በዚህ ንግድ ከሁሉ የሚበልጠው ካርኒቫል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. 20.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገቢ አግኝቶ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከሦስት እጅ ሁለቱ ግድም ከቲኬት ሽያጭ የተገኘ ነው። የቀረው አንድ እጅ ግን በአብዛኛው እንግዳው ለመጠጥ፣ ለመደብር ዕቃ፣ ለጉብኝትና ለመሳሰለው ተጨማሪ የከፈለው ገንዘብ ነው። እንግዲህ ቲኬቱ በር ከፋች ነው፤ ገበያው የሚቆመው ከበሩ ወዲያ ነው።

ሒሳብ የሚዘጋባቸው ቀኖች

መርከቡ የመጨረሻውን የጉብኝት ወደብ ትቶ ወደ መነሻው ሲመለስ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን በባሕር ላይ ያሳልፋል። እንግዳው ከእንግዲህ ወርዶ የሚገበይበት ከተማ የለውም፤ ለቤተ ሰቡ የሚወስደው ስጦታ ከቀረው ከመርከቡ መደብር መግዛት አለበት። ከቀረጥ ነጻ የሆኑት የመርከቡ መደብሮች መርከቡ ወደብ ላይ ሲቆም በብዙ ስፍራ ስለሚዘጉ፣ እነዚህ የባሕር ቀኖች ለባለመደብሩ እንደ በዓል ዋዜማ ገበያ ናቸው። ዕቃው በጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ዋጋው ይቀነሳል፤ ሰውም ይሻማበታል። በሌላው ማእዘን ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ጉዞ ቦታ የሚያስይዝ ሠራተኛ ተቀምጦ፣ ዛሬውኑ ቀብድ ለሚከፍል እንግዳ ልዩ ቅናሽ ይሰጣል። ደስታው ገና ያልበረደለት ደንበኛ፣ ቤቱ ገብቶ ወጪውን ካሰላ ደንበኛ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚፈርም ኩባንያዎቹ ያውቃሉ።

በመርከቡ ላይ ጥሬ ገንዘብ እምብዛም አይዘዋወርም። እንግዳው ሲሳፈር አንድ ካርድ ይሰጠዋል፤ የጠጣውና የገዛው ሁሉ በዚያ ካርድ አማካይነት በስሙ ይመዘገባል። ለአስተናጋጆች የሚሰጠው ጉርሻ እንኳ በብዙ መርከቦች በየቀኑ እየተሰላ በዚሁ ሒሳብ ላይ ይደመራል። በመጨረሻው ሌሊት የወጪው ዝርዝር ለእንግዳው ይቀርብለታል፤ ስሕተት አገኘሁ የሚል ሰው ከመውረዱ በፊት ወደ ሒሳብ ክፍሉ ሄዶ ያመለክታል። ለአንድ ሳምንት ዋጋ ሳይጠይቅ የኖረ ሰው በዚያች ሌሊት ነጋዴ ይሆናል፤ እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እየተከተለ ይመረምራል።

የጓዙም ነገር እንዲሁ በሥርዓት የተወሰነ ነው። እንግዳው ለአዳሩና ለማግሥቱ የሚያስፈልገውን በእጅ ሻንጣ አስቀርቶ፣ ትልልቁን ሻንጣ ቀለም ወይም ቁጥር ያለበት ምልክት አሥሮበት ከመኝታ ክፍሉ ደጃፍ ያስቀምጠዋል። ሠራተኞች በሌሊት ሰብስበው ያወርዱለታል፤ እርሱም ጠዋት በወደቡ አዳራሽ እንደየምልክቱ ተደርድሮ ያገኘዋል።

ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሥራ ለእንግዳው አይታይም፤ ለነጋዴ ግን ከሁሉ የሚያስደንቀው እርሱ ነው። መርከቡ ጎሕ ሲቀድ ወደብ ይደርሳል። እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ግድም በሺህ የሚቆጠሩ እንግዶች ወርደው ያልቃሉ፤ በቀትር ገደማ ሌሎች በሺህ የሚቆጠሩ መሳፈር ይጀምራሉ፤ ሳይመሽም መርከቡ ይነሣል። በመካከሉ ባለችው ጥቂት ሰዓት አንሶላው ይለወጣል፣ ክፍሉ ይጸዳል፣ ቆሻሻው ይራገፋል፣ ለሚቀጥለው ጉዞ የሚሆነው ሥጋ፣ አትክልት፣ ዱቄት፣ እንቁላልና መጠጥ በፎርክሊፍት እየተነሣ ወደ መርከቡ ሆድ ይገባል። በባሕር መካከል ጓዳ የሚሞላ ገበያ ስለሌለ፣ የዕቃ ግዢው ኀላፊ ስንት ሰው በስንት ቀን ምን እንደሚበላ አስቀድሞ ማስላት ግዴታው ነው። ቢያንስበት እንግዳ ይከፋዋል፤ ቢበዛበት ዕቃ ይበላሽበታል።

ስለዚህ የመጨረሻው ቀን የአንዱ ጉዞ መጨረሻ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለው ጉዞ መጀመሪያም ነው። አንዱ ክፍል ጠዋት የወራጁ፣ ከሰዓት በኋላ የተሳፋሪው ነው፤ የሁለቱም ገንዘብ አስቀድሞ ተቀብሏል። ወራጁ ከመውረድ የተከለከለ እንደ ሆነ ግን፣ ገዢውም ሻጩም ዕቃ አቅራቢውም በአንድ ጊዜ ይታገዳሉ። በዮኮሃማ የሆነው ይኸው ነው።

በዮኮሃማ ወደብ

ዳይመንድ ፕሪንሰስ የምትባለው መርከብ በጃፓን አገር በናጋሳኪ ከተማ በሚትሱቢሺ ኩባንያ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረች፣ ርዝመቷ 290 ሜትር የሆነ ታላቅ መርከብ ናት። የምታስተዳድራት የካርኒቫል ቅርንጫፍ የሆነችው ፕሪንሰስ ክሩዝስ የተባለችው የአሜሪካ ኩባንያ ናት። በዚያን ጊዜ የምታውለበልበው ሰንደቅ ዓላማ የእንግሊዝ፣ የምትነሣበትና የምትመለስበት ወደብ የጃፓን፣ አዛዥዋም ጄናሮ አርማ የተባለ ኢጣሊያዊ ነበር። አንዲት መርከብ በዚህ ዓይነት ከብዙ አገር ጋር መያያዟ በደኅና ቀን ማንንም አያስቸግርም፤ በችግር ቀን ግን ኀላፊው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ያስነሣል።

መርከቢቱ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ከዮኮሃማ ተነሣች። በካጎሺማ፣ በሆንግ ኮንግ፣ በቬትናም፣ በታይዋንና በኦኪናዋ ወደቦች ተዘዋውራ ጥር 26 ቀን ጉዞዋን ልትፈጽም ተወስኖ ነበር። ጥር 16 ቀን በሆንግ ኮንግ የወረደ አንድ መንገደኛ፣ በኋላ ኮቪድ-19 ተብሎ የተሰየመው በሽታ እንደ ያዘው ጥር 23 ቀን በምርመራ ታወቀ። በዚያ ዕለት መርከቢቱ ኦኪናዋ ነበረች። ከዚያም ተነሥታ ጥር 25 ቀን ማታ ዮኮሃማ ስትደርስ፣ የጃፓን የጤና ሠራተኞች ወደ መርከቢቱ ገብተው ምርመራ ጀመሩ።

እንግዶቹ ግን የቀረቻቸውን ሰዓት እንደ ልማዳቸው ያሳልፉ ነበር። የምግብ አዳራሹና የጨዋታው ስፍራ እስከ ማግሥቱ አልተዘጋም፤ ሰውም ከሰው ጋር እንደ ተቀላቀለ ነበር። ጥር 27 ቀን ጠዋት ከመጀመሪያዎቹ 31 ተመርማሪዎች በ10ሩ ላይ በሽታው መገኘቱ ተነገረ። ወዲያውኑ እንግዶች ሁሉ ከየክፍላቸው እንዳይወጡ፣ 14 ቀንም በወሸባ እንዲቆዩ ታዘዘ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ እነዚያ የመጨረሻ ሁለት ቀኖች ይመሰክራሉ።

በመርከቢቱ ላይ 2,666 መንገደኞችና 1,045 ሠራተኞች፣ በጠቅላላው 3,711 ሰዎች ነበሩ። ለሁለት ሳምንት የተከፈለበት ሽርሽር ሌላ ሁለት ሳምንት ተጨመረበት። መስኮት በሌለው የውስጥ ክፍል ያሉት እንግዶች ብቻ በተራ በተራ፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ለጥቂት ጊዜ አየር እንዲቀበሉ ወደ ውጭ ይወጡ ነበር።

የጓዳው ችግር ወዲያውኑ ታየ። ለተወሰነ ቀን የተገዛ ስንቅ በእጥፍ ለሚቆይ ሰው አይበቃም። መርከቢቱ የባሕሩን ውሃ አጣርታ ንጹሕ ውሃ ለማዘጋጀት ከወደብ ርቃ መሄድ ስለ ነበረባት፣ ለውሃው ወደ ባሕር ወጥታ ለስንቁ እንደ ገና ወደ ወደብ መጠጋት ግድ ሆነባት። ከምግቡ ይልቅ ግን የመድኃኒቱ ነገር አሳሳቢ ነበር። ከመንገደኞቹ አብዛኛዎቹ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ሲሆን፣ ዘወትር የሚወስዱትን መድኃኒት ያመጡት ለጉዞው ቀን ያህል ቆጥረው ስለ ነበር እያለቀባቸው ሄደ። የእያንዳንዱን በሽተኛ መድኃኒት በስሙና በመጠኑ አጣርቶ ከከተማ ማስመጣትና እየለዩ ማደል ታላቅ የመጋዘን ሥራ ሆነ። የጃፓን መንግሥትም እንግዶቹ ከሐኪም ጋር እንዲነጋገሩ 2,000 ያህል ተንቀሳቃሽ ስልኮች አደለ።

የሠራተኞቹ ዕጣ ከመንገደኞቹ ይልቅ ከባድ ነበር። መንገደኛው በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ፣ ሠራተኛው ግን ምግብ ማብሰልና በየክፍሉ ደጃፍ ማድረስ ነበረበት፤ ሌሊትም የሚያድረው ከባልንጀራው ጋር በአንድ ክፍል ነበር። ወሸባው ለአንዱ ዕረፍት መስሎ ለሌላው የዕለት ሥራ ሆነ። በመጨረሻው በሽታው ከተገኘባቸው 712 ሰዎች መካከል 145ቱ ሠራተኞች ነበሩ። ቢያንስ 13 ሰዎች ሞቱ፤ ለዕረፍት ወጥተው ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ ሰዎች ናቸውና የዚህን ሒሳብ የሚዘጋው መዝገብ የለም።

የካቲት 9 ቀን የአሜሪካ መንግሥት ከ300 የሚበልጡ ዜጎቹን በሁለት አውሮፕላኖች ወሰደ። የካቲት 11 ቀን የወሸባው ጊዜ ያለቀላቸውና ከበሽታው ነጻ የሆኑት መንገደኞች መውረድ ጀመሩ። የመጨረሻዎቹ ሠራተኞች የካቲት 22 ቀን ሲወርዱ፣ አዛዡ አርማ ከሁሉ በኋላ መርከቢቱን ለቀቀ።

ወጪው በማን ላይ ዋለ?

ኩባንያው ለመንገደኞቹ የጉዞውን ዋጋ በሙሉ፣ የአውሮፕላኑንና የሆቴሉን ወጪ ጭምር መልሶ እንደሚከፍል አስታወቀ፤ በተጨመሩት ቀኖች በመርከቢቱ ላይ ለሚደረገው ወጪ ምንም እንደማያስከፍል፣ ለወደፊትም ሌላ ጉዞ በዚያው ዋጋ ልክ እንደሚሰጣቸው ጨምሮ ገለጸ። ይህን ችሮታ ብቻ ነው የሚል ሰው ነጋዴን አያውቅም። ደንበኛው ከአንድ ቤት ሲወጣ የሚይዘው የመጨረሻውን ትዝታ ነው፤ በር ላይ የተከፋ ሰው የቀደመውን መስተንግዶ ሁሉ ይረሳዋል። ኩባንያው የከፈለው ለነገ ገበያው ነው።

ስለ ሕክምናው፣ ስለ ወሸባውና ስለ ሰው ማጓጓዙ ግን ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ አልነበረም። መርከቢቱ የቆመችው በጃፓን ወደብ ስለ ነበር ድካሙ በአብዛኛው በጃፓን ላይ ወደቀ። ሰንደቅ ዓላማዋ የሆነው አገር፣ ኩባንያው የሚገኝበት አገርና ወደቡ የሚገኝበት አገር ኀላፊነታቸው እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ የሚወስን ዓለም አቀፍ ደንብ እንደሚያስፈልግ የጃፓን መንግሥት አሳሰበ። ክርክሩን ያመጣው ውሉ ሲጻፍ ሁሉ ነገር በቀኑ ይፈጸማል ተብሎ መታሰቡ ነው።

ከዚህ በኋላ ጉዳቱ ከአንዲት መርከብ ወደ ንግዱ ሁሉ ተላለፈ። መጋቢት 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ፕሪንሰስ ክሩዝስ 18 መርከቦቿን በሙሉ አቆመች፤ መጋቢት 5 ቀን የአሜሪካ መንግሥት የሽርሽር መርከቦች መንገደኛ ይዘው እንዳይነሡ አዘዘ። የቆመ መርከብ ገቢ ባያገኝም ወጪው አይቆምም፤ ጠባቂ ይሻል፣ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ለወደብ ይከፍላል።

እዚህ ላይ የቀብድ ነገር ጎልቶ ታየ። ካርኒቫል እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. የሒሳብ ዓመት መጨረሻ ገና ላልተፈጸመ ጉዞ ከደንበኞች የተቀበለው ገንዘብ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ጉዞው በቀኑ ሲፈጸም ይህ ገንዘብ ገቢ ይሆናል፤ ጉዞው ሲቀር ግን ዕዳ ነው። ደንበኛ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገንዘቤን መልስ ሲል፣ ኩባንያው በመጋቢት ወር መርከቦቹን አስይዞ 4 ቢሊዮን ዶላር በመቶ 11.5 ወለድ ተበደረ። ከጥቂት ወራት በፊት ታላቅ ትርፍ ያተርፍ የነበረ ድርጅት እንዲህ ያለውን ወለድ መቀበሉ የጭንቀቱን ልክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. የደረሰበት ኪሣራ 10.2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ ከአሮጌዎቹ መርከቦቹም አንዳንዶቹ በቱርክ አገር በአሊያጋ ለብረታቸው ተፈረሱ። ከአሜሪካ ወደብ ገንዘብ ከፋይ መንገደኞችን የያዘ ትልቅ የሽርሽር መርከብ እንደ ገና የተነሣው ከ15 ወር በኋላ፣ ሰኔ 19 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው።

ንግዱ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. የመንገደኞቹ ቁጥር 31.7 ሚሊዮን፣ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ 34.6 ሚሊዮን ደርሶ ከቀድሞው በለጠ። ካርኒቫልም በ2024 ዓ.ም. 1.9 ቢሊዮን ዶላር ያህል አተረፈ። ዳይመንድ ፕሪንሰስ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. ወደ ሥራዋ ተመልሳለች።

ለአገር ውስጥ ነጋዴ የሚሆነው ትምህርት

ይህ ሁሉ የሩቅ ባሕር ወሬ ቢመስልም፣ በአስመጪና በባለመደብር ቤት የማይታወቅ ነገር አይደለም። ከጅቡቲ ወደብ ኮንቴይነር የሚያነሣ ሰው፣ በነጻ የተፈቀደለት ቀን ካለፈ በኋላ ዲሜሬጅ በየቀኑ እንዴት እንደሚቆጠርበት ያውቃል። በዕቃው ዋጋ ላይ ብዙ ተከራክሮ ጥቂት ያስቀነሰ ነጋዴ፣ የመጨረሻዎቹ የወደብ ቀኖች ስለ ዘገዩበት ብቻ ያተረፈውን መልሶ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ውል ሲፈረም ዕቃው በቀኑ ባይወጣ፣ ሰነዱ ቢዘገይ፣ መንገዱ ቢዘጋ ወጪው የማን እንደሚሆን አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን ይገባል። ችግሩ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ክርክር ለጠበቃ እንጂ ለነጋዴ አያተርፍም።

ሁለተኛው ነገር የቀብድ አያያዝ ነው። ለበዓል ዕቃ ቀብድ የተቀበለ ባለመደብር፣ ዕቃውን እስኪያስረክብ ድረስ ገንዘቡ የደንበኛው መሆኑን አስቦ በመዝገቡ ለብቻው ቢያሰፍረው መልካም ነው። በአደራ የተቀመጠውን እንደ ትርፍ የቆጠረ፣ መልስ በተባለ ቀን ሱቁን ለማስያዝ ይገደዳል።

ሦስተኛው የሠራተኛው ጉዳይ ነው። በደኅናው ቀን የደንበኛውን ምቾት የሚጠብቀው ሠራተኛ፣ በክፉው ቀን ድርጅቱን የሚሸከመውም እርሱ ነው። በዮኮሃማ ምግቡን በየደጃፉ ያደረሱት እነዚያ 1,045 ሰዎች ሥራቸውን ቢያቆሙ ኖሮ፣ የኩባንያው ገንዘብም ሆነ የመንግሥት ትእዛዝ መርከቢቱን አንድ ቀን ባላሳደራት ነበር። ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያ ሲታሰብ፣ የሠራተኛው ደኅንነትና ደመወዝ ከስንቁና ከነዳጁ ቀድሞ ሊታሰብ ይገባዋል።

የዓመቱ ሒሳብ በሚዘጋበት ወቅት መጋዘኑን የሚቆጥር ነጋዴ እነዚህን ሦስት ነገሮች በዕቃው ዝርዝር አጠገብ ቢጽፋቸው ብዙ ወረቀት አይፈጁበትም፤ የሚመጣው ዓመት ውል ከመፈረሙም በፊት መልስ ሊያገኝላቸው ይችላል።